ለቲቢ ምርምር የተገባው 5 ቢሊዮን ዶላር፦ ቃሉ በጀት ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

ሰብለ_ጤናፖሊሲ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰነዶቹ ጋር ለማመሳከር እንዲቀል ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሴፕቴምበር 22 ቀን 2023 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በተካሄደው ሁለተኛው ከፍተኛ የቲቢ ስብሰባ፣ አገሮች እስከ 2027 ለቲቢ ምርምር የሚውለውን ገንዘብ በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገብተዋል። በ2018ቱ የመጀመሪያው ስብሰባ የተገባው ቃል በዓመት 2 ቢሊዮን ነበር፤ አልተፈጸመም። ትሪትመንት አክሽን ግሩፕ የተባለው ድርጅት ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ የወጣውን ገንዘብ ይቆጥራል። በ2018 906 ሚሊዮን፣ በ2021 1 ቢሊዮን ገደማ፣ በ2023 1.2 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከአዲሱ ግብ ሩቡን እንኳ አይሞላም። በዚህ መሃል በ2024 ብቻ 10.7 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሞ 1.23 ሚሊዮን ሞቷል።

በስብሰባው የጸደቀውን የፖለቲካ መግለጫ እዚህ መድገም አልፈልግም። እንድንነጋገርበት የምፈልገው የአንድ አገር ድርሻ እንዴት እንደሚሰላ፣ ጥያቄው ለማን እና መቼ እንደሚቀርብ፣ የት ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ነው። በሥራው ላይ ያላችሁ በቁጥር ብትመልሱ ደስ ይለኛል።

የበጀት_ሰው

ሰብለ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዝሽው። ከድርሻው ልጀምር።

መግለጫው አስገዳጅ ውል አይደለም። 5 ቢሊዮኑን በአገር አልከፋፈለውም፣ ያልከፈለም የሚጠየቅበት ሥርዓት የለውም። ስለዚህ ተሟጋቾች የራሳቸውን መለኪያ አወጡ። የ2 ቢሊዮኑ ግብ በነበረበት ጊዜ የቀረበው ቀመር፣ እያንዳንዱ አገር ለማንኛውም ዓይነት ምርምርና ሥርጸት ከሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ቢያንስ 0.1 በመቶውን ለቲቢ ያውል የሚል ነበር። የዚህ ቀመር ጥቅሙ ድሃውን አገር ከሀብታሙ ጋር አለማወዳደሩ ነው። ለምርምር በዓመት 10 ቢሊዮን ብር የምታወጣ አገር ከሷ የሚጠበቀው 10 ሚሊዮን ብር ነው። ትንሽ ገንዘብ ናት። ከሀብታሞቹ ብዙዎቹ ያላሟሉትን ይህን መለኪያ ደቡብ አፍሪካ አሟልታለች። «አቅም የለንም» የሚለው መልስ የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ በጀቱን የሚያጸድቀው በሰኔ ነው። ብዙ ሰው ግን ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው በሰኔ ነው። በሰኔ የሚደረገው ክርክር የበጀት ጣሪያው (ከፍተኛው የገንዘብ መጠን) አንዴ ከተዘጋ በኋላ ያለ ክርክር ስለሆነ ፋይዳው ትንሽ ነው። ወሳኙ ጊዜ ገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪ ደብዳቤና ጣሪያ ለመሥሪያ ቤቶች የሚልክበት፣ እነሱም ፕሮግራምና ዋና ዋና ተግባራታቸውን የሚያዘጋጁበት ነው። የቲቢ ምርምር ያኔ በስሙ ተጽፎ ካልገባ «የጤና ምርምር» በሚል ጥቅል ርዕስ ሥር ይዋጣል። የተዋጠ ነገር ደግሞ ሲቆረጥ ማንም አያየውም፣ ሲጨመርም ማንም ሊቆጥረው አይችልም።

ስለዚህ ከገንዘቡ መጠን ቀድሞ የሚጠየቀው የራሱ መለያ ያለው የበጀት መስመር ነው። በመጀመሪያው ዓመት መስመሩ ላይ 5 ሚሊዮን ብር ብቻ ቢቀመጥ እንኳ መስመሩ ይኖራል፤ በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው ስንት ነበር?» ተብሎ መጠየቅ ይቻላል። መስመር የሌለውን ነገር ማንም እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። ፖለቲካዊ ቁርጠኝነት የሚባለውን እኔ የምለካው በንግግር ርዝመት ሳይሆን በዚህ መስመር መኖርና አለመኖር ነው።

ተስፋዬ_ወረዳ

ሁለታችሁንም በአክብሮት ልቃወም። ጤና ጣቢያ ላይ ካርትሪጅ (ለአንድ የቲቢ ምርመራ የሚውለው ማሽን ውስጥ የሚገባ ዕቃ) አልቆ አክታ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ናሙና የሚያደርስ ሞተር ሳይክል ነዳጅ አጥቶ ይቆማል። ለአገልግሎቱ የሚሆነው ገንዘብ ራሱ አልሞላም። በ2023 በዓለም ደረጃ የተገኘው 5.7 ቢሊዮን ነበር፤ የተገባው ቃል ግን እስከ 2027 በዓመት 22 ቢሊዮን ነው። ምርመራና መድኃኒት ሳይሟላ ለምርምር ገንዘብ መጠየቅ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት የግድግዳ ቀለም መምረጥ ይመስለኛል።

ኤፒ_አዲስ

ተስፋዬ፣ ያነሳኸው ነገር እውነት ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ግን ምርምርና አገልግሎት እንደ ሁለት ተፎካካሪ ልጆች መታየታቸው ላይ አልስማማም። ከራሳችን አገር ሦስት ነገር ላንሳ።

አንደኛ፣ የ2010/11 ብሔራዊ የስርጭት ጥናት። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 46,697 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ በአክታ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ቲቢ ከ100,000 አዋቂ 108 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ዕቅድ የሚወጣው በግምት ነበር፤ ግምቱም ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር። ስንት መድኃኒት ይገዛ፣ ስንት ሕመምተኛ ሳይገኝ ይቀራል የሚለው ስሌት ሁሉ ከዚህ ጥናት በኋላ ተቀይሯል። ለጥናቱ የወጣው ገንዘብ ከአገልግሎት ላይ የተነጠቀ አልነበረም፤ አገልግሎቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ የመራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲዳማ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚያስሉ ሰዎችን ለይተው አክታ እንዲሰበስቡ፣ ስላይዱን እንዲያዘጋጁና ሕክምናውን እንዲከታተሉ ተደርጎ የተጠናው ሥራ። ጥናቱ ሲጀመር በአክታ ምርመራ ቲቢ የተገኘባቸው ከ100,000 ሕዝብ 64 የነበሩት ወደ 127 አደጉ። አንተ የምትለው ዓይነት የወረዳ ችግር መፍትሔ የተገኘው በምርምር ነው። ይህ የአሠራር ምርምር ይባላል፤ ከክትባት ሙከራ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ሦስተኛው ስትሪም የተባለው የሕክምና ሙከራ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ 20 ወር ይወስድ የነበረውን ሕክምና ወደ 9–11 ወር ማሳጠር ይቻል እንደሆነ የፈተሸው ይህ ሙከራ የመጀመሪያ ምዕራፉ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ነበር። ከእኛ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ተሳትፈዋል። ጥሩ ውጤት ያገኙት በአጭሩ ሕክምና 78.8 በመቶ፣ በረጅሙ 79.8 በመቶ ነበሩ፤ አጭሩ ከረጅሙ እንደማያንስ ታየ። በሁለተኛው ምዕራፍ መርፌው ወጥቶ ቤዳኩዊሊን በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ሲተካ ደግሞ 83 በመቶ ገደማ ሆነ፤ መርፌ ባለው ሕክምና 71 ነበር። ከዚያ በፊት በየቀኑ የሚወጋው ካናማይሲን ስንት ሰው ጆሮ እንዳደነቆረ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። አሁን ያለው የ6 ወር የእንክብል ሕክምና፣ ቢፓልም የሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ የገባው በ2022 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የአልጋ ቀን፣ የነርስ ሰዓትና የሕመምተኛ ትራንስፖርት ነው የተቆጠበው። ያ ቁጠባ በቀጥታ ወደ አንተ ወረዳ ነው የሚመጣው።

ተስፋዬ_ወረዳ

የሲዳማውን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከኤክስቴንሽኗ የሚጀምር ምርምር ከሆነ አልቃወምም። ግን 5 ቢሊዮኑ በአብዛኛው የሚሄደው ለክትባት ነው አይደል? ለምን ይህን ያህል ይፈጃል?

ኤፒ_አዲስ

ሁሉም ለክትባት አይደለም፤ መድኃኒት፣ የምርመራ መሣሪያ፣ መሠረታዊ ሳይንስና የአሠራር ምርምርም አሉበት። ክትባቱ ለምን እንደሚወደድ ግን በስሌት ላሳይህ።

ክትባት መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ከተከተቡትና ካልተከተቡት ስንቱ እንደታመመ ሲቆጠር ነው። በሽታው ብዙ ባለበት አካባቢ በዓመት ከ100,000 ሰው 300 ይታመማል እንበል። 10,000 ያልተከተበ ሰው አንድ ዓመት ብትከታተል የምታገኘው 30 ሕመምተኛ ብቻ ነው። ክትባቱ ግማሹን ቢከላከል በሌላው 10,000 ውስጥ 15 ይሆናሉ። 30 እና 15 እርግጠኛ ለመሆን አይበቁም፤ ስለዚህ ወይ ሰው ትጨምራለህ ወይ ዓመት። እያንዳንዱ ተሳታፊ በየጊዜው ይጠየቃል፣ ካሳለ አክታው ይመረመራል፣ አድራሻ ከቀየረ ይፈለጋል። ተሳታፊው ከጠፋ ቁጥሩም ይጠፋል።

ኤም72 የተባለውን ክትባት እይ። የሙከራው ሁለተኛ ደረጃ በኬንያ፣ በዛምቢያና በደቡብ አፍሪካ ወደ 3,570 በሚሆኑ አዋቂዎች ላይ ተካሂዶ 50 በመቶ ገደማ መከላከሉ በ2019 ታተመ። ሦስተኛው ደረጃ የተጀመረው ማርች 2024 ነው። ወደ 20,000 የሚሆን ሰው በአምስት አገሮች ተመዝግቦበታል፤ ጌትስ ፋውንዴሽን 400 ሚሊዮን፣ ዌልካም እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር መድበዋል። ሁለተኛው ደረጃ አበረታች ውጤት ካሳየ በኋላ ሦስተኛው እስኪጀመር ከአራት ዓመት በላይ አለፈ። መዘግየቱ ከሳይንሱ አልነበረም። ማን ይከፍላል፣ ማን ያመርታል የሚለው እስኪታወቅ ነው። በእጃችን ያለው ብቸኛ ክትባት ቢሲጂ ሰው ላይ መሰጠት የጀመረው በ1921 ነው፤ አዋቂውን ከሳንባ ቲቢ በአስተማማኝ አይከላከልም። ከመቶ ዓመት በኋላ የተገኘን ፍንጭ አራት ዓመት መደርደሪያ ላይ ማቆየት ያማል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ስሌት 50 በመቶ የሚከላከል የአዋቂ ክትባት በ25 ዓመት ውስጥ እስከ 76 ሚሊዮን ሕመምና 8.5 ሚሊዮን ሞት ሊያስቀር ይችላል ይላል። ገንዘብ ሚኒስቴር ፊት የሚቀርብ ቁጥር ከተፈለገ ይህ ነው።

ላብ_አክታ

ስለ ገንዘቡ ስንጽፍ ሁሌ የሚዘለለውን ክፍል ልጨምር፤ ላብራቶሪውን ማለቴ ነው። የምርምር በጀት ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ይገዛና የሚያንቀሳቅሰውን ይረሳል።

የመድኃኒት ሙከራ ውጤት የሚለካው በካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ በማሳደግ ነው። በፈሳሽ ካልቸር አንድ ናሙና አሉታዊ ነው ለማለት 42 ቀን ይጠበቃል፤ በጠጣር ሚዲያ እስከ 8 ሳምንት። አክታው ውስጥ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ናልክ በተባለ አክታ የሚያቀጥን ኬሚካል ለ15–20 ደቂቃ ይታጠባሉ። ባለሙያው ቸኩሎ ካሳጠረው ሌላው ባክቴሪያ አድጎ ቱቦው ይበከላል። ካስረዘመው ወይም ሶዳው ከበረታ የቲቢው ባክቴሪያ ራሱ ይሞትና ሕመምተኛው የዳነ ይመስላል። ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። በፈሳሽ ካልቸር የብክለት መጠን 8 በመቶ አካባቢ ሲሆን ይታገሡታል። 15 ከደረሰ ከመቶ ተሳታፊ የ15ቱ የዚያ ወር ውጤት የለም ማለት ነው፤ ሙከራው ያንን ለማካካስ ተጨማሪ ሰው መመዝገብ አለበት። መብራት ጠፍቶ አክታው ከ2–8 ዲግሪ ውጭ ሲያድር፣ ወይም መኪናው ሦስት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ፣ ብክለቱ የሚጨምረው በዚህ መንገድ ነው። ለጄኔሬተር ነዳጅ ያልተመደበ 200 ሺህ ብር በኋላ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

በካርትሪጅ የሚሠራው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ጂን ኤክስፐርትም እንዲሁ ነው። ባለ አራት ሞጁሉ ማሽን አንድ ሞጁሉ ሲበላሽ አቅሙ በሩብ ይቀንሳል። የጥገና ውል የሌለው ማሽን ዓመት ሳይሞላው ሁለት ሞጁል ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በጀት ስትጽፉ ከማሽኑ ዋጋ ጎን እስከ ሙከራው መጨረሻ ያለው የጥገና ውል፣ ዓመታዊ ካሊብሬሽን፣ ዩፒኤስና መለዋወጫ ይግቡ።

ሌላው ምንዛሪ ነው። የቲቢ ካርትሪጅ ዋጋ በሴፕቴምበር 2023 ከ9.98 ወደ 7.97 ዶላር ወርዷል። በ57 ብር ምንዛሪ 454 ብር ነበር። በጁላይ 2024 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በ120 ብር ብታሰሉት 956 ብር ይሆናል። ዋጋው በዶላር ወረደ፣ በብር ግን ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ2023 በብር የተጻፈ የምርምር በጀት ግማሹን ካርትሪጅ እንኳ አይገዛም። ሪኤጀንቱን በዶላር አስልታችሁ፣ የምንዛሪ ለውጥ መጠባበቂያ ለብቻው ጻፉ።

ብሩክ_ተማሪ

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ? ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ዓለም አቀፍ ገንዘብ የሚያከፋፍለው ግሎባል ፈንድ ለቲቢ ብዙ ይሰጣል አይደል? ለምን ምርምሩን ከዚያ አይወስዱትም?

የበጀት_ሰው

ብሩክ፣ ይህን ብዙ ሰው ያምታታል። ግሎባል ፈንድ ለአገሮች የሚያከፋፍለው በዋናነት የአገልግሎት ገንዘብ ነው፤ ለመድኃኒት፣ ለምርመራ፣ ለሥልጠናና ለክትትል። የአሠራር ምርምር ሊካተትበት ይችላል፤ አዲስ ክትባት ወይም መድኃኒት መፈልሰፍ ግን ሥራው አይደለም። በዚያ ላይ ለአገሮች ከሚያከፋፍለው የመጀመሪያ 12 ቢሊዮን ዶላር ለቲቢ የተመደበው 18 በመቶ ነው። በኖቬምበር 2025 ለቀጣዩ ዙር 18 ቢሊዮን ተጠይቆ ቃል የተገባው 11.34 ቢሊዮን ነው። ከዚያ ምርምር ላይ እንጨምር ማለት የተስፋዬን ካርትሪጅ መቀነስ ይሆናል። እዚህ ላይ የሱ ስጋት ትክክል ነው።

የምርምሩ ገንዘብ ሌላ በር አለው። ትልቁ ሰጪ የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ በተለይ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች የሚባለው መሥሪያ ቤት። ከዓለም የቲቢ ምርምር ገንዘብ ከሲሶ በላይ ከአሜሪካ መንግሥት ይመጣል። ቀጥሎ ጌትስ ፋውንዴሽን አለ። ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት፣ ለእኛ በጣም የሚቀርበው ከአፍሪካ አገሮች ጋር በጋራ የሚያስተዳድረው የክሊኒካል ሙከራ ፕሮግራም ነው። እዚያ የአውሮፓ ኅብረት ድርሻ እስከ 800 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ አባል አገሮች የሚያወጡት የራሳቸው የምርምር ወጪ እንደ መዋጮ ይቆጠርላቸዋል። መስመሩ እንዲኖር የምወተውተው አንዱ ለዚህ ነው። የራስህ ወጪ ተመዝግቦ ካልታየ ለመዋጮ የምታስቆጥረው ነገር የለህም።

ገነት_ሜሪላንድ

አሜሪካ ከተነሳ እዚህ ያለነው ልናደርገው የምንችለውን ልጻፍ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኔሶታ ያለው ሐበሻ ግብር ይከፍላል፣ ብዙውም ይመርጣል፤ ይህ ገንዘብ የሱም ነው።

የፌዴራሉ በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። በጀቱ 12 ሕጎች ሆኖ ይጸድቃል። የብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ገንዘብ ያለው በሠራተኛ፣ ጤናና ትምህርት ሕግ ውስጥ ነው። ለውጭ አገር የቲቢ አገልግሎት የሚሆነው ደግሞ የውጭ ጉዳይን በሚይዘው ሌላ ሕግ ውስጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው። የተለያየ ንዑስ ኮሚቴ፣ የተለያየ ሠራተኛ ነው የሚያየው።

የምክር ቤት አባላት ለበጀት ኮሚቴው ጥያቄ የሚያስገቡት በጸደይ ነው። ከዚያ ቀድሞ፣ በፌብሩዋሪ ወይም በማርች መጀመሪያ፣ ለራሳችሁ ዲስትሪክት ተወካይ ጽሕፈት ቤት ጻፉና የጤና ጉዳይ የሚከታተለውን ሠራተኛ በስሙ ጠይቁ። የሌላ ዲስትሪክት ነዋሪ የጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ ስለዚህ አድራሻችሁን ከላይ ጻፉ። ተመሳሳይ ቅጂ 200 ሰው ከሚልክ፣ 10 ሰው በራሱ ቃል ቢጽፍ ይሻላል። ቅጂው በጅምላ ተቆጥሮ ይታለፋል። ደብዳቤው አንድ ገጽ፣ ጥያቄው አንድ፣ ቁጥሩ አንድ ይሁን። ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም መጻፍ ይችላል።

አሁን ከቁጥሩ ባልተናነሰ የሚጠየቅ ነገር አለ። ሜይ 1 ቀን 2025 ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶቹ ለውጭ ተቋማት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል የሚሰጠውን ንዑስ ድጎማ አዲስ ሥርዓት እስኪዘረጋ እንደማይሰጡ አስታወቁ። የቲቢ ሙከራ ደግሞ ቲቢ ባለበት አገር እንጂ ባልቲሞር ላይ አይካሄድም። ገንዘቡ ቢጨምርም ወደ ውጭ መውጫ መንገዱ ከተዘጋ ትርጉም የለውም። ስለዚህ በጀቱን በሚያብራራው የኮሚቴ ሪፖርት ውስጥ ይህ መንገድ ለቲቢ ሙከራዎች ክፍት እንዲሆን የሚል ቃል እንዲገባ ጠይቁ።

ሲስተር_ማርታ

ስለ መቋረጥ ማንም አላነሳምና እኔ ላንሳው። ጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድና የሥራ አቁሙ ትእዛዝ ሲመጣ፣ በብዙ አገር ሙከራ ላይ ያሉ ሕመምተኞች መሃል መንገድ ላይ ቀሩ። የቲቢ መድኃኒት መሃል ላይ ሲቋረጥ ሰውየው አለመዳኑ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው የቀረውን መድኃኒት ይለማመዳል። ሰውየው ለሳይንስ ብሎ ራሱን ሰጥቶ ከበፊቱ የባሰ በሽታ ይዞ ይሄዳል። ይህ ዳግም መሆን የለበትም።

መከላከያው ውሉ ውስጥ ነው። አዲስ ድጎማ ስትፈርሙ እነዚህ ካልገቡ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ራሱ ሊመልሰው ይገባል ባይ ነኝ። የተመዘገበ ሰው ሁሉ ሕክምናውን እስከ መጨረሻ የሚያገኝበት መድኃኒት አገር ውስጥ መጋዘን መግባት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሕክምና ላይ ያለው ሰው ቁጥር ሲባዛ በቀሪው ሳምንት፣ ከዚያ ለብክነትና ለመጠን ለውጥ 10–15 በመቶ ጨምሩ። አዲስ ተሳታፊ መመዝገብ የሚቻለው የሱም ሙሉ መድኃኒት መጋዘን ከገባ ብቻ ይሁን። ከዚያ ቢያንስ ለሦስት ወር የነርስና የክትትል ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለመጨረሻው የላብራቶሪ ምርመራ፣ ናሙናው ላለበት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቀዝቀዣ መብራት፣ መረጃውን ለመዝጋት የሚሆን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ሰጪው ቢቋረጥ ይህ ገንዘብ እንዳይታገድ ውሉ በግልጽ ይበል።

ለጤና ጥበቃ ደግሞ የምለው፣ ሙከራው ቢቆም ሕመምተኛውን ተቀብሎ የሚቀጥለው የትኛው የሕክምና ማዕከል እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይታወቅ።

ኤፒ_አዲስ

ሲስተር ማርታ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህ አንቀጽ ብቻውን ለብዙ ተመራማሪ ይጠቅማል።

ፋርማ_ዘውዱ

ገንዘብ ብቻ ጠይቀን ዋጋን ከረሳን ውጤቱ በእጃችን አይገባም። ቤዳኩዊሊንን እዩ። ሪፋምፒሲን በ1960ዎቹ ከተገኘ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት አልመጣም ነበር፤ ቤዳኩዊሊን አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በዲሴምበር 2012 ነው። ለልማቱ የወጣውን ገንዘብ ያሰሉ ተመራማሪዎች የሕዝብ ገንዘብ ከኩባንያው ወጪ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ዋጋው ግን ለዓመታት በኩባንያው እጅ ነበር። ሕንድ በማርች 2023 የፓተንት ማራዘሚያውን ውድቅ አደረገች፣ ዋናው ፓተንት በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አበቃ፣ ኦገስት ላይ የስድስት ወሩ ሕክምና ወደ 130 ዶላር ወረደ። ከዚያ በፊት ከእጥፍ በላይ ነበር።

ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ሲሰጥ ውሉ ውስጥ የሚጻፉ አሉ፦ የሙከራው መረጃ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይፋ ይሁን፣ ሙከራው የተካሄደበት አገር ምርቱን ቀድሞ ይመዝግብ፣ ለሌሎች አምራቾች ፈቃድ ይሰጥ፣ ዋጋው በማምረቻ ወጪ ላይ ይመሥረት። ይህ የሚጠየቀው ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ መለመን ብቻ ነው የሚቀረው። ሙከራ የምታስተናግድ አገርም መደራደሪያ አላት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሙከራውን ሲፈቅድ፣ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ አምራቹ እዚህ ለምዝገባ የሚያመለክትበትን ጊዜ በጽሑፍ ቢጠይቅ ማንም ከባድ ነው አይልም።

ሰብለ_ጤናፖሊሲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የበጀት ሰው፣ ለጤና ቋሚ ኮሚቴ አባላትና ለመሥሪያ ቤቶች የዕቅድ ክፍል የሚሆን አጭር ጽሑፍ እዚህ ብታስቀምጥልን? ሌሎቻችሁም እንድታርሙት።

የበጀት_ሰው

እሺ። ረቂቁ ይህ ነው፦

«በ2023ቱ የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ አገራችን የተስማማችበትን የቲቢ ምርምር ግብ በሚመለከት፣ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሚከተለው እንዲፈጸም እንጠይቃለን። ‹የቲቢ ምርምር› የሚል የራሱ መለያ ያለው ዋና ተግባር በፌዴራል በጀት ውስጥ ይከፈት። የመነሻ መጠኑ አገሪቱ ለምርምርና ሥርጸት ከምታወጣው ጠቅላላ ገንዘብ 0.1 በመቶ ይሁን። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ክልሎች ራሳቸው በሚመርጧቸው የአሠራር ምርምር ጥያቄዎች ላይ ይዋል፤ ግማሹ ለዓለም አቀፍ ሙከራዎች የአገሪቱ ድርሻ፣ ለላብራቶሪ ዝግጁነትና ለመቋረጥ መጠባበቂያ ይያዝ። አፈጻጸሙ በየዓመቱ መጋቢት 15፣ በዓለም የቲቢ ቀን፣ ምን ያህል እንደተመደበና ምን ያህል እንደወጣ ተለይቶ ለምክር ቤቱ ይቅረብ።»

የተመደበውና የወጣው ተለይቶ ይቅረብ ያልኩት በምክንያት ነው። ተመድቦ ያልወጣ ገንዘብ በሰኔ መጨረሻ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም «አልተጠቀማችሁበትም» ተብሎ ይቆረጣል። ሪኤጀንት ከውጭ ለማስገባት ጨረታው፣ የውጭ ምንዛሪውና የጉምሩክ ነፃ ፈቃዱ ብዙ ወራት ይወስዳል። ግዥው በሐምሌ ካልተጀመረ በዓመቱ ውስጥ አይደርስም።

ላብ_አክታ

አንድ እርማት። «ለላብራቶሪ ዝግጁነት» የሚለው ሰፊ ስለሆነ በመሣሪያ ግዥ ያልቃል። «ለነባር የላብራቶሪ መሣሪያዎች ጥገና፣ መለዋወጫና መብራት» በሉት። አዲስ ማሽን ለጋሽ ሊሰጥ ይችላል፣ የድሮውን የሚጠግን ለጋሽ ግን አይገኝም።

ተስፋዬ_ወረዳ

እኔም አንድ ላክልበት። «ክልሎች» ከሚለው ቀጥሎ «እና ወረዳዎች» ይግባ። ጥያቄው ከላይ ተዘጋጅቶ ከመጣ መልሱም ላይ ይቀራል። ለምሳሌ በእኛ ደረጃ ቢጠና የምፈልገው ይህ ነው፦ አክታ ከተሰጠ በኋላ ውጤቱ ለሕመምተኛው ሳይደርስ የሚቀረው ስንቱ ነው፣ የሚጠፋውስ በየትኛው እርከን ላይ ነው? ለዚህ መዝገብ፣ ሁለት መረጃ ሰብሳቢና የስድስት ወር ጊዜ ይበቃል።

የበጀት_ሰው

ሁለቱንም አስገብቼዋለሁ። የተስፋዬንም ጥያቄ ከረቂቁ ጋር በምሳሌነት አያይዘዋለሁ፤ የዕቅድ ክፍል ሰው ከመቶኛ ይልቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያይ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል። ሰብለ፣ የተስተካከለውን ቅጂ ከዚህ ክር አናት ላይ ብታስቀምጪው ይሻላል። የበጀት ጥሪው ሳይወጣ መድረስ አለበት።